የግቢ ሣር በየስንት ቀኑ ይታጨድ?
ከላሊበላ ደጋ የተወሰደ የዕድገትና የወጪ ስሌት

የግቢ ሣር ለማሳጨድ በየስንት ቀኑ ገንዘብ መክፈል ይገባል? ጥያቄው ለሳይንስ መጽሔት የማይመጥን፣ ይልቁንም በባለቤትና በአትክልተኛ መካከል የሚያልቅ ተራ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መልሱን በጥንቃቄ የፈለገ ሰው ከዕፅዋት ጥናት፣ ከካልኩለስና ከምጣኔ ሀብት ጋር በአንድ ጊዜ ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለውም ይህንኑ መንገድ ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ከተማ ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማዋ ኑሮ ከጎብኚ ጋር እየተሳሰረ ሄዷል። በዳገቱ ላይ ከተሠሩት ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች አንዳንዶቹ ከበረንዳቸው ፊት ለፊት የሣር መስክ አላቸው። እንግዳ በብዛት በሚመጣበት ዘመን የሣሩ ወጪ ከሌላው ወጪ ጋር ተደባልቆ ያልፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ሲደርስ የጎብኚው ቁጥር አሽቆለቆለ። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲያድር ሣሩ ግን ማደጉን አላቆመም። ለእንዲህ ያለው ማረፊያ ባለቤት «በየስንት ቀኑ?» የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ነው። በየጊዜው ማጭዱን ይዞ ለሚመጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ስለ ሣር እንክብካቤ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ የመጡት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። የሣር ማጨጃ መሣሪያ የተፈለሰፈውም በእንግሊዝ አገር ነው፤ ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830 የሠራው ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅን ጸጉር ከሚከረክም ማሽን ነበር። እነዚህ መመሪያዎች «በሳምንት አንድ ጊዜ እጨዱ» ሲሉ በልባቸው የያዙት የራሳቸውን አየር ጠባይ ነው። በለንደን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ላሊበላ በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በላስታ የሣርን ዓመት የሚከፋፍለው በዋናነት የቀኑ ርዝመት ሳይሆን ዝናቡ ነው። አብዛኛው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ የበልጉ ዝናብ አንዱን ዓመት መጥቶ ሌላውን ዓመት ይቀራል። ሣሩ በሁለት ወር ውስጥ ፈጥኖ አድጎ ከዚያ ለወራት ይተኛል። ለእንዲህ ያለ ሣር የተዋሰ የቀን መቁጠሪያ እንደማይበጅ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ሣር ከታች ያድጋል

አብዛኞቹ ዕፅዋት የሚያድጉት በጫፋቸው ነው። ጫፋቸው ሲቆረጥ ዕድገታቸው ይስተጓጎላል። የሣር አፈጣጠር ግን ከዚህ ይለያል። አዳዲስ ሕዋሳትን የሚያፈራው ሜሪስቴም የተባለው ክፍል የሚገኘው በቅጠሉ ግርጌና በአንጓዎቹ አጠገብ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነው። ላም ግጣው ብትሄድ፣ ማጭድም ቢያርፍበት የሚወገደው አድጎ ያለቀው ጫፍ ነው፤ ፋብሪካው ግን ከሥር እንዳለ ይቀራል። ሰርዶ የተባለው የታወቀ ሣራችን በዚህ ላይ የሚጨምረው ብልሃት አለው። በመሬት ላይ እየተሳበ የሚሄድ ግንድ አለው፤ ሌላም በከርሰ ምድር የሚሄድ ግንድ አለው፤ በሁለቱም ውስጥ ስንቅ ያስቀምጣል። በበጋ ቡናማ ሆኖ የሞተ ሲመስል በእውነቱ ተኝቷል። ገበሬው ሰርዶን ከማሳው ማጥፋት የሚያዳግተው በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው። በየግቢው የሚተከለው የኪኩዩ ሣርም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ሲሆን፣ ተመሳሳይ የመሳብ ጠባይ አለው።

ይሁን እንጂ ሣር ቢታጨድ ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ቅጠሉ ብርሃን አስተጻምሮ የሚካሄድበት ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ሲፈርስ ሥሩ ይራባል። አሜሪካዊው የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ፍራንክሊን ክራይደር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት የሣር ዝርያዎችን በተለያየ መጠን እየቆረጠ የሥራቸውን ዕድገት ተከታትሏል። ከቅጠሉ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሲቆረጥ ሥሩ ማደጉን አላቋረጠም። 60 በመቶው ሲቆረጥ ከሥሮቹ ግማሽ ያህሉ ቆሙ። 80 በመቶው ሲቆረጥ ሁሉም ሥሮች ለ12 ቀን ያህል፣ 90 በመቶው ሲቆረጥ ደግሞ ለ17 ቀን ያህል ማደጋቸውን አቆሙ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ጉዳቱ በእኩል እርምጃ አለመሄዱን ነው። እስከ አንድ ወሰን ድረስ ምንም የለም፤ ወሰኑ ካለፈ በኋላ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ ይከመራል።

ሣር አሳዳጊዎች «በአንድ እጨዳ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጥ» የሚሉት ምክር ከዚህ ውጤት ጋር ይስማማል። ሲሶው የቁመት፣ 40 በመቶው የቅጠል ልኬት ስለሆነ ሁለቱ በትክክል አንድ አይደሉም፤ ሲሶው ግን ከአደጋው ወሰን በበቂ ርቀት ያቆመናል። ሥሩ በቆመበት ቀን ውኃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም። በላሊበላ ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ከላይኛው አፈር በፍጥነት ይሸሻል። ስለዚህ በነሐሴ ተላጭቶ የከረመ ሣር በኅዳር ከሌላው ቀድሞ የሚደርቅበት ምክንያት ግልጽ ነው።

የወጪው ስሌት

አሁን ወደ ኪሱ እንመለስ። ሣሩ በአንድ ቀን የሚያድገውን ቁመት ፍ (ፍጥነት) እንበለው። ከአንዱ እጨዳ እስከ ሌላው ያለውን የቀን ብዛት ቀ እንበል። ሠራተኛው በመጣ ቁጥር ሣሩ ቢረዝምም ቢያጥርም የማይቀረውን ክፍያ መ (መምጫ) እንለዋለን። በሁለቱ እጨዳዎች መካከል ሣሩ የጨመረው ቁመት ፍ × ቀ ይሆናል።

አንድ እጨዳ ሦስት ዓይነት ወጪ አለው። የመጀመሪያው ቋሚው መ ነው። ሁለተኛው ከተጨመረው ቁመት ጋር እኩል የሚያድገው ሥራ ነው፤ ሁለት እጥፍ ሣር ሁለት እጥፍ ማጨድን ይጠይቃልና። ይህኛው በዓመት ሲደመር በቀ አይለወጥም፤ ሣሩ በዓመት የሚያድገው ጠቅላላ ቁመት ብዙ ጊዜም ታጨደ ጥቂት ያው ነው ብለን ስለምንወስድ ከስሌቱ እናወጣዋለን። ሦስተኛው ቅጣቱ ነው። የረዘመ ሣር አገዳው ይጠነክራል፣ ይጋደማል፣ ማጭዱን ያዶለዱማል፤ ከታጨደም በኋላ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከክራይደር ውጤት እንዳየነው ጉዳቱ ከቁመቱ በፈጠነ እርምጃ ያድጋል። ስለዚህ ቅጣቱን በተጨመረው ቁመት ካሬ ልክ እንወስደዋለን፤ ጉ × (ፍ × ቀ)² ማለት ነው። ካሬ መሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ለስሌት የተመቸ ግምት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የአንድ እጨዳ ወጪ ለቀ ቀናት ሲካፈል በቀን የሚደርሰውን እናገኛለን፤

በቀን የሚደርሰው ወጪ = መ/ቀ + ጉ × ፍ² × ቀ

የመጀመሪያው ቁራጭ ቀ ሲያድግ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይጨምራል። በመካከላቸው ዝቅተኛ ነጥብ አለ። ካልኩለስ የተማረ አንባቢ ዴሪቬቲቩን ወስዶ ከዜሮ ጋር ያስተካክል፤ −መ/ቀ² + ጉ × ፍ² = 0 ይሆናል። ከዚህም፤

ቀ = (1/ፍ) × √(መ/ጉ)

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ዊትማን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 አንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ ቢያዘጋጅ እንደሚያዋጣው ለማስላት የደረሰበት ቀመርም ይህንኑ መልክ የያዘ ነው። የመጋዘን ዕቃና የግቢ ሣር በሒሳብ ዘመዳሞች መሆናቸው ያስደንቃል።

ነገር ግን ከቀመሩ ዋናው ፍሬ ቀ ራሱ አይደለም። ሁለቱንም ወገን በፍ ብናባዛ ፍ × ቀ = √(መ/ጉ) ይሆናል። በግራ በኩል ያለው የተጨመረው ቁመት ነው። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ የሣሩን ፍጥነት ጨርሶ አያውቅም። ይህም ማለት ሣሩ በክረምት ይፍጠን፣ በበጋ ይንቀርፈፍ፣ የሚታጨድበት ቁመት ምንጊዜም አንድ ነው። «በየስንት ቀኑ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው ጥያቄው ራሱ ስለተዛባ ነበር። መጠየቅ የነበረበት «ስንት ሲደርስ?» ተብሎ ነው። የቀን መቁጠሪያውን ትተን ማስመሪያ መያዝ ይሻላል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ናቸው። መ 320 ብር፣ ጉ ደግሞ 20 ብር በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን። 320 ለ20 ሲካፈል 16፣ ካሬ ዘሩ 4 ነው። ሣሩ ካለፈው እጨዳ ወዲህ 4 ሴ.ሜ. ሲጨምር ይታጨዳል ማለት ነው። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 10 ባሉት 75 ቀናት ሣሩ በቀን 0.5 ሴ.ሜ. ቢያድግ በየ8 ቀኑ ይሆናል። ከመስከረም 11 እስከ ኅዳር 25 ባሉት 75 ቀናት ፍጥነቱ ወደ 0.2 ሴ.ሜ. ቢወርድ በየ20 ቀኑ ይሆናል። በቀሩት 215 ቀናት ፍጥነቱ 0.05 ሴ.ሜ. ቢሆን በየ80 ቀኑ ይደርሳል። በጠቅላላው በዓመት 16 ጊዜ ያህል ነው። ቀመሩን በየወቅቱ አስገብተን ስንደምር የዓመቱ ወጪ 10,120 ብር ይመጣል። በተመሳሳይ ቁጥሮች ዓመቱን ሙሉ በየ15 ቀኑ የሚያሳጭድ ባለቤት 14,473 ብር ያወጣል። በየሳምንቱ የሚያሳጭደው 19,806 ብር ይደርስበታል፤ ከዚህም ግማሹ የሚባክነው ሣሩ በተኛበት ወራት፣ ምንም የሚታጨድ በሌለበት ጊዜ ነው።

ሲሶውንስ ረሳነው? አልረሳነውም። ሣሩ በእጨዳ ጊዜ 6 ሴ.ሜ. የሚቀር ከሆነ 4 ሲጨምር 10 ይሆናል፤ 4ቱን መቁረጥ ከቁመቱ 40 በመቶ መውሰድ ነውና ሲሶውን ያልፋል። ኪሱ አንድ ነገር፣ ሣሩ ሌላ ነገር ይላሉ። ማስታረቂያው ቀላል ነው። የሚቀረውን ቁመት 8 ሴ.ሜ. እናድርገው። 8 ላይ 4 ሲጨመር 12 ነው፤ ከ12 ላይ 4 መቁረጥ ልክ ሲሶ ነው። ሣርን ወደ መሬት አስጠግቶ መላጨት ለባለቤቱ «ቶሎ እንዳያድግ» የሚያስችል ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት ግን በግቢ ሣር አያያዝ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው፤ ሲሶውን ጠብቆ ለመቆየት ሣሩ ባጠረ መጠን ቶሎ ቶሎ መታጨድ ይኖርበታልና።

ቀመሩ ሌላም ደግ ጠባይ አለው። ዝቅተኛው ነጥብ ሹል ሳይሆን እንደ ሰታቴ ግርጌ ዝርግ ነው። ከትክክለኛው ቀን አንድ ተኩል እጥፍ ብንዘገይ ወጪው የሚጨምረው በ8 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሁለት እጥፍ ብንዘገይ በ25 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ የሚደርሰውን እጨዳ ምእመናንና እንግዶች ወደ ላሊበላ ለሚጎርፉበት ለገና በዓል ዋዜማ ቢያሸጋግሩት ጉዳቱ ኢምንት ነው።

ሠራተኛውና ውኃው

እስካሁን በባለቤቱ ወገን ሆነን ቆጠርን። በዓመት 24 ጊዜ ይመጣ የነበረው ሠራተኛ 16 ጊዜ ብቻ ና ቢባል ገቢው በሲሶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ካሬ ዘሩ ያልተጠበቀ ነገር ይነግረናል። የመምጫው ክፍያ ከ320 ወደ 480 ብር ቢያድግ፣ ማለትም በግማሽ ቢጨምር፣ የእጨዳው ቁመት ከ4 ወደ 4.9 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ምልልሱም ከ16 ወደ 13 ይወርዳል። የሚቀረውም ቁመት ሲሶውን ለመጠበቅ ወደ 10 ሴ.ሜ. ከፍ ማለት ይኖርበታል። ሠራተኛው ግን ቀድሞ 16 ጊዜ 320፣ ማለትም 5,120 ብር ያገኝ የነበረው አሁን 13 ጊዜ 480፣ 6,240 ብር ያገኛል። በጥቂት ቀን ሥራ የበለጠ ገቢ ነው፤ ትርፉን ቀን ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ባለቤቱም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ በየ15 ቀኑ ከማሳጨድ ይልቅ ያተርፋል። በወር ደመወዝ የታሰረ የአጨዳ ውል ለማንኛቸውም የማይመች መሆኑንም ስሌቱ ያሳያል፤ በክረምት ሠራተኛው፣ በበጋ ባለቤቱ ይጎዳሉ።

የታጨደውም ሣር ዋጋ አለው። መኖ በሚያጥርበት ደጋ ለጋ ሣር ለላም ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቱ የማይፈልገው ከሆነ ሠራተኛው ይዞት ቢሄድ ክፍያውን ያዳብራል። እርጥቡ ሣር ተከምሮ ከዋለ ግን ይግላል፣ ይሻግታል፤ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

አንዳንድ ባለቤቶች በበጋ ሣሩን አረንጓዴ አድርገው ለማቆየት ያጠጡታል። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በደረቅ ቀን ሣሩና አፈሩ በትነት 4 ሚሊ ሜትር ያጣሉ ብንል 500 ካሬ ሜትር መስክ በቀን 2,000 ሊትር ይጠይቃል፤ በ20 ሊትር ጄሪካን 100 ጄሪካን መሆኑ ነው። ጎረቤት ለመጠጥ ወረፋ በሚጠብቅበት ከተማ ይህን ውኃ ለሣር ማፍሰስ ከወጪም በላይ የሆነ ጥያቄ ያስነሣል። ሰርዶ ደግሞ ውኃውን አልለመነም፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም።

ሌላ ሣር፣ ሌላ ስሌት

ከከተማው ወጣ ስንል ሣር የሚታጨደው ለዓይን ሳይሆን ለጥቅም ነው፤ ስሌቱም ይገለበጣል። ድርቆሽ የሚሰበስብ ገበሬ የሚሻው ወጪ መቀነስ ብቻ ሳይሆን ክብደት መጨመርም ነው። የሣሩን ክብደት በጊዜ ላይ ብንነድፍ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጥኖ፣ በመጨረሻም እየደከመ የሚሄድ ኩርባ እናገኛለን። ሣሩ ተደጋግሞ የሚታጨድ ከሆነ በቀን የሚገኘው አማካይ ምርት ከፍተኛ የሚሆነው ከመነሻው ነጥብ ተነሥቶ ኩርባውን የሚነካው ቀጥተኛ መስመር ባረፈበት ቀን ነው። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ይቆያሉ፤ ክምሩ ሲያድግ ደስ ይላልና። ነገር ግን ሣሩ ባፈራና ባረጀ ቁጥር ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ ጭረቱ ይበዛል። ለቤት ክዳን የሚፈለገው ሣር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠንካራና የበሰለ መሆን ስላለበት በዓመት አንዴ፣ አርጅቶ ይታጨዳል።

ከላሊበላ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ የሚበቅለው ጓሳ ከዚህም ይረዝማል። በብርድ አገር ፍ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቀ በቀን ሳይሆን በዓመት ይቆጠራል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የመንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘውን ይህን ሜዳ ለ400 ዓመታት ያህል በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ ይከፈታል፤ ሰው ለክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፣ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። የመንዝ ሽማግሌዎች ዴሪቬቲቭ አልወሰዱም፤ የሣሩን ቁመት ግን ያዩ ነበር።

ለተማሪዎች

ሙከራውን በትምህርት ቤት ግቢ ማካሄድ ይቻላል። በመስኩ ላይ 10 ቦታ ምረጡ፤ በየቦታው የሣሩን ቁመት በማስመሪያ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ልዩነቱ ለ7 ሲካፈል ፍ ይገኛል። ጉን ለማግኘት ሁለት እኩል መደቦች ይበጃሉ። አንዱን 4 ሴ.ሜ. ሲጨምር፣ ሌላውን 8 ሴ.ሜ. ሲጨምር አጭዳችሁ ማጭዱ ሣሩን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ የፈጀውን ደቂቃ መዝግቡ። የሁለተኛውን ደቂቃ ከመጀመሪያው እጥፍ ጋር አወዳድሩ፤ ትርፉን በ32 ስታካፍሉት የጉን የሥራ ድርሻ በደቂቃ ታገኛላችሁ (ለምን 32 እንደሆነ ከ8² እና ከ4² ተነሥታችሁ አሳዩ)። በአካባቢያችሁ የቀን ሠራተኛ ክፍያ አባዝታችሁ ወደ ብር ለውጡት፤ በመደባችሁና በመስኩ ስፋት መካከል ያለውንም ልዩነት አትርሱ። በመጨረሻም የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ለ40 ቀን ያህል ቢጥልና ፍ ከ0.05 ወደ 0.15 ሴ.ሜ. ቢያድግ፣ ከላይ በወሰድነው ምሳሌ የእጨዳው ጊዜ ከ80 ቀን ወደ ስንት እንደሚያጥር አስሉ፤ 27 ቀን ገደማ ልታገኙ ይገባል።